ለደከመ ልብ አዲስ ጡንቻ፦ ከግንደ ሕዋስ የሚሠራው ሥጋ የት ደረሰ? ለእኛስ ምን ይዞ ይመጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ተነስቶ ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚወስደውን ዳገት ጤነኛ ሰው ወሬ እያወራ ይወጣዋል። ልቡ የደከመ ሰው ግን መሃል ላይ ይቆማል፤ አንድ እጁን ግድግዳ ላይ አሳርፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሐኪሞች ይህን ስለሚያውቁ ማዳመጫቸውን ደረት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ስለ ዳገትና ስለ ትራስ ይጠይቃሉ። «ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሌሊት ስንት ትራስ ይንተራሳሉ? ማታ ማታ እግርዎ ያብጣል?»

ጥያቄዎቹ ተራ ይምሰሉ እንጂ የልብን አቅም በቀጥታ ይለካሉ። አንድ አዋቂ ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ ልቡ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ዳገት ሲጀምር የእግሮቹ ጡንቻዎች ተጨማሪ ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ይህ መጠን በሦስትና በአራት እጥፍ ማደግ አለበት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ራሱ ሳሳ ያለ ነው። የተዳከመ ልብ ይህን ሥራ መፈጸም ሲያቅተው ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፤ ሳንባ ውኃ ይቋጥራል። ሰውየው ጋደም ሲል የሚታፈነው፣ ትራስ የሚደራርበውም ለዚህ ነው። እግር የሚያብጠውም በዚያው ምክንያት ነው።

ይህን ሕመም የልብ ድካም እንለዋለን። መድኃኒት አለው፤ ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ፣ የደም ግፊትን የሚያወርድ፣ የልብን ሸክም የሚያቀልል። መድኃኒታቸውን በሥርዓት እየወሰዱ ብዙ ዓመት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱም የሞተን የልብ ጡንቻ አይመልስም። በዓለም ዙሪያ ያሉ ቤተ ሙከራዎች ከ20 ዓመት በላይ ሲለፉበት የኖሩት ይህን ነው፤ የሞተውን ጡንቻ ሕይወት ባለው፣ በሚመታ ጡንቻ መተካት ወይም ማገዝ። ሥራው ዛሬ ከእንስሳ አልፎ ሰው ላይ ደርሷል። ነገሩ ተስፋም ብዥታም ስላለበት አካሄዱን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል፤ በተለይ ደግሞ የእኛ አገር የልብ ሕመምተኛ ከዚህ ምን ሊያገኝ እንደሚችል።

ቆዳ ቢቆረጥ ይጠግጋል። ጉበት ከፊሉ ቢወሰድ መልሶ ያድጋል። ልብ ግን እንዲህ አይደለም። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በድንገት ሲዘጋ፣ ሃርት አታክ የሚባለው ማለት ነው፣ በሰዓታት ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርሱ የጡንቻ ሕዋሳት ሊሞቱ ይችላሉ። ልብ በጠቅላላው ያሉት ከ2 እስከ 4 ቢሊዮን የሚሆኑ የጡንቻ ሕዋሳት ናቸው። በሞቱት ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ልብ እንዳይቀደድ ይይዛል፤ ግን አይኮማተርም። የተረፈው ጡንቻ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፤ ከጊዜ በኋላ እሱም ይለጠጥና ይዝላል።

ልብ ጨርሶ ራሱን አያድስም ወይ? የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘበት መንገድ በጣም ያስደንቀኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኃያላን መንግሥታት የኑክሌር ቦምብ በአየር ላይ ሲሞክሩ በከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን 14 የሚባለው ንጥረ ነገር በጣም ጨመረ፤ የአየር ላይ ሙከራው በ1963 በስምምነት ከታገደ በኋላ ደግሞ ቀስ በቀስ ቀነሰ። በየዘመኑ የተፈጠረ ሕዋስ በዘረመሉ ውስጥ የዚያን ዘመን የካርቦን መጠን ይዞ ይቀራል። በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የዮናስ ፍሪዘን ቡድን ይህን ምልክት ተጠቅሞ በ2009 ያረጋገጠው፣ የልብ ጡንቻ ሕዋሳት እንደሚታደሱ ነው፤ ነገር ግን በ25 ዓመት ዕድሜ በዓመት 1 በመቶ ያህል፣ በ75 ዓመት ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች። በሰዓታት ውስጥ ቢሊዮን ሕዋስ ላጣ ልብ ይህ ፍጥነት አይደርስለትም። ዜብራ ፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ከልቧ አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ በሁለት ወር ውስጥ መልሳ ታበቅለዋለች። እኛ ያን ችሎታ የለንም፤ ስለዚህ ጡንቻውን ከውጭ ማምጣት ያስፈልጋል።

ከየት? እዚህ ላይ ነው ግንደ ሕዋስ፣ ብዙዎች ስቴም ሴል የሚሉት፣ የሚመጣው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚኖሩት ሕዋሳት ገና ሥራ ያልተመደበላቸው ናቸው፤ አጥንትም፣ ነርቭም፣ ልብም መሆን ይችላሉ። በ1998 አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰን እነዚህን ሕዋሳት ከሰው ፅንስ አውጥቶ በቤተ ሙከራ ማሳደግ ቻለ። ሥራው ታላቅ ቢሆንም ከፅንስ መወሰዱ ብዙ የሥነ ምግባርና የሃይማኖት ጥያቄ አስነሳ። በ2006 ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጉዳዩን ባልተጠበቀ መንገድ ፈታው። ሥራውን የያዘ፣ ያደገ የአይጥ ቆዳ ሕዋስ ወስዶ አራት ጂኖችን ብቻ በማስገባት ወደ መጀመሪያው፣ ሁሉን መሆን ወደሚችልበት ሁኔታ መለሰው። በሚቀጥለው ዓመት በሰው ሕዋስ ላይ ተሳካለት። በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ሰው ትንሽ ደም ወይም የቆዳ ቁራጭ ወስዶ የልብ ጡንቻ ማውጣት ይቻላል፤ ፅንስ መንካት አያስፈልግም።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ጠቃሚ ነው። ወደ ኋላ የተመለሱት ሕዋሳት ልዩ ምግብ ባለው ፈሳሽ ውስጥ በሳህን ላይ ተዘርግተው ይባዛሉ። በቂ ሲሆኑ በፅንስ ውስጥ ልብ ሲሠራ የሚሰጡት ኬሚካላዊ ትእዛዞች በቅደም ተከተል ይሰጧቸዋል፤ አንዱ ምልክት መጀመሪያ ይቀሰቀሳል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ምልክት ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ይሆናሉ። ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አንዳች ነገር ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ አንድ ጥግ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላ ቦታ፣ ከዚያ ሳህኑ በሙሉ በአንድነት መምታት ይጀምራል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ነርቭም የላቸውም። የልብ ጡንቻ ተፈጥሮው ነው። ይህን በዓይናቸው ያዩ ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ከሠሩበትም በኋላ መደነቃቸው አይቀርም ይባላል፤ እኔም አምናለሁ።

ቀጥሎ ማጣራት ይመጣል። በሳህኑ ውስጥ ልብ ያልሆኑ ሕዋሳትም አሉ። የልብ ጡንቻ ላክቴት የሚባለውን ነገር ነዳጅ አድርጎ መጠቀም ስለሚችል፣ ስኳሩ ከፈሳሹ ይወጣና ላክቴት ይተካል፤ ሌሎቹ በረሃብ ይሞታሉ፣ የልቦቹ ይተርፋሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች ያወጡት ይህ ዘዴ ቀላልና ብልህ ነው። የተጣሩት ሕዋሳት ከኮላጅንና ከደጋፊ ሕዋሳት ጋር ተቀላቅለው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይፈሳሉ፤ በሰዓታት ውስጥ ይረጋሉ። ከዚያ በሚታጠፉ ትናንሽ ምሰሶዎች መካከል ተወጥረው ለሳምንታት ይቆያሉ። እየተኮማተሩ ምሰሶውን ይጎትታሉ፣ ምሰሶው መልሶ ይጎትታቸዋል። ጡንቻ የሚጠነክረው በሥራ ስለሆነ ይህ ውጥረት ከሌለ ሕዋሳቱ እንደተዘበራረቁ ይቀራሉ፤ ሲኖር ግን በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ጀርመናውያኑ ቶማስ ኤሸንሃገንና ቮልፍራም ሁበርቱስ ሲመርማን ይህን መንገድ የጀመሩት በ1990ዎቹ ከጫጩት ፅንስ በተወሰደ የልብ ሕዋስ ነበር።

ለሰው የደረሰው መቼ ነው? መጀመሪያ የደፈሩት ፈረንሳዮች ናቸው። በ2014 የፓሪሱ ቀዶ ሐኪም ፊሊፕ ሜናሼ ከግንደ ሕዋስ የወጡ የልብ ቅድመ ሕዋሳትን በፋይብሪን ንጣፍ ላይ አድርጎ በአንዲት ሴት ልብ ላይ ለጠፈ። በጥር 2020 የኦሳካው ዮሺኪ ሳዋ ቡድን ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ የልብ ሕዋሳት ያሉባቸውን ስስ ንጣፎች በአንድ በሽተኛ ልብ ላይ አኖረ። በ2021 ደግሞ የሲመርማን ቡድን በጀርመን ከጎቲንገን ቤተ ሙከራ የወጣውን፣ ወፈር ያለውንና የሚመታውን የጡንቻ መጣፊያ (ጥፍ) በሰው ልብ ላይ መስፋት ጀመረ።

የጀርመኖቹን ውጤት ትንሽ ላስረዝመው፤ ብዙ የሚያስተምር ነውና። ሥራቸው በጥር 2025 በኔቸር መጽሔት ታተመ። መጀመሪያ በዝንጀሮዎች ላይ ሞከሩት፤ የልብ ግድግዳቸው ወፈረ፣ የመኮማተር አቅሙም ተሻሻለ። ከዚያ ልቧ በጽኑ የደከመ የ46 ዓመት ሴት ላይ 400 ሚሊዮን ሕዋሳት የያዘ ጥፍ ሰፉ። ከሦስት ወር በኋላ ሴትየዋ የልብ ንቅለ ተከላ አገኘች። ይህ ለእሷ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለሳይንሱ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። የወጣው የራሷ ልብ በቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ የተሰፋው ጡንቻ በሕይወት እንዳለና ከእሷ ሰውነት የበቀሉ የደም ሥሮች ዘልቀው እየመገቡት እንደነበር ታየ። በሕይወት ባለ ሰው ልብ ላይ አዲስ ጡንቻ መቆየት እንደሚችል በዓይን የታየ ማስረጃ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግን ልብን ይተካል አላሉም። ንቅለ ተከላ እስኪገኝ ወይም ንቅለ ተከላ ለማያገኝ ሰው አቅም የሚጨምር ድጋፍ ነው ያሉት። የጥንቃቄ ቃላቸውን አከብረዋለሁ።

መሰናክሎቹ ቀላል አይደሉም። አንዱ ደም ነው። ማንኛውም ሕዋስ ከደም ሥር ከ0.2 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። የግራ ልብ ግድግዳ ግን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት አለው። ስለዚህ ጥፉ ወፍራም ሆኖ መሠራት አይችልም፤ የሰውነት ደም ሥር እስኪደርስለትም በከፊል ይጎዳል። ሌላው ዕድሜ ነው። ከሳህን የወጣው ጡንቻ የአዋቂ ልብ ሳይሆን የፅንስ ልብ ጠባይ አለው፤ ደካማ ነው፣ በራሱ ጊዜም ይመታል።

ይህ በራሱ ጊዜ መምታት አደገኛ ነው። በማኅሌት ላይ መቶ ሰው በአንድነት ሲያጨበጭብ አንድ ሰው በራሱ ምት ቢገባበት ጭብጨባው ሁሉ እንደሚታወክ፣ ልብም ሁለት አዛዥ ሲኖረው ምቱ ይዛባል። በ2014 የአሜሪካው ቻርልስ መሪ ቡድን አንድ ቢሊዮን ሕዋሳትን በዝንጀሮ ልብ ውስጥ በመርፌ ሲያስገባ ጡንቻው በቅሏል፤ የልብ ምት መዛባትም አብሮ መጥቷል። በሰው ላይ ይህ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ጥፉን ከልብ ውስጥ ሳይሆን ከላይ መስፋት የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር በቀጥታ ስለማይያያዝ ያን ያህል አያውከውም። ከዚህ ሌላ፣ ሥራ ያልተመደበለት ሕዋስ ሳይጣራ አምልጦ ከገባ ዕጢ ሊያበቅል ይችላል። ሕዋሱ ከሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ሰውነት ባዕድ ብሎ ይዋጋዋል፤ በሽተኛው የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት መውሰድ አለበት፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል።

ይህ ባዕድነት እኛን በልዩ ሁኔታ ይመለከተናል። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ከራሱ ደም ጥፍ መሥራት ወራት ይፈጃል፣ ዋጋውም አይቀመስም። ስለዚህ ጃፓን ከጥቂት ለጋሾች የሕዋስ ክምችት አዘጋጀች፤ የለጋሾቹ የመከላከያ ዓይነት ከብዙ ሰው ጋር እንዲስማማ ተመርጦ፣ 40 በመቶ ለሚሆነው የጃፓን ሕዝብ የሚሆን። ይህ የተቻለው የጃፓን ሕዝብ በዘረመል ተቀራራቢ ስለሆነ ነው። የአፍሪካ ሕዝብ፣ የእኛም ጭምር፣ በዘረመል ከዓለም እጅግ ብዙ ዓይነት ያለበት ነው። በቶኪዮ ወይም በበርሊን የተከማቸ ሕዋስ ለጎንደር ሰው ወይም ለአርባ ምንጭ ሰው ይስማማል ብሎ መገመት አይቻልም። የእኛ ሐኪሞችና የዘረመል ባለሙያዎች ከአሁኑ በዚህ ሥራ ውስጥ እግራቸውን ካላስገቡ፣ ሕክምናው ሲደርስ እኛ ከመስመሩ ውጪ ሆነን እናገኘዋለን።

አንድ አሳዛኝ ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። በ2001 በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ፒዬሮ አንቬርሳ ከአጥንት መቅኒ የተወሰዱ ሕዋሳት የተጎዳ የአይጥ ልብን በአዲስ ጡንቻ ሞሉት ብሎ ጻፈ። ዓለም ተደሰተ። ገንዘብ ጎረፈ፤ በሽተኞች ላይ ሙከራ ተጀመረ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሲደግሙት ግን አልመጣም። በ2018 ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲና ብሪገም ሆስፒታል የእሱ ቤተ ሙከራ ያወጣቸው 31 ጽሑፎች የተጭበረበረ መረጃ ስላለባቸው እንዲሰረዙ ጠየቁ። ከአጥንት መቅኒ የሚወጣ ሕዋስ የልብ ጡንቻ እንደማይሆን ዛሬ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ሐሳብ ላይ የተመሠረቱ ክሊኒኮች በተለያዩ አገሮች እስከ ዛሬ ገንዘብ ይሰበስባሉ።

ስለዚህ «ውጭ አገር በስቴም ሴል ልብህን እናድናለን» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሕዋሱ ከምን የተወሰደ ነው? ከመቅኒ ወይም ከሰውነት ስብ ከሆነ ጡንቻ አይሆንም። ሙከራው በየትኛው የመንግሥት ወይም የዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል? ለምንስ ታስከፍላላችሁ? እውነተኛ የሕክምና ሙከራ እንደ ደንቡ ከበሽተኛው የሕክምና ዋጋ አይቀበልም። ቤት ሸጦ፣ ከዘመድ አዋጥቶ ለዚህ መሄድ ልብንም ቤትንም ማጣት ነው።

አሁን ወደ እኛው እንመለስ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ልብ ጡንቻ ነው። በአገራችን ግን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን አልጋ ላይ የሚጥለው የልብ ሕመም የሚጀምረው ጡንቻው ላይ ሳይሆን ቫልቩ ላይ፣ ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፈትና የሚዘጋው የልብ በር ላይ ነው። መነሻው ደግሞ ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የምትባል ባክቴሪያ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ጉሮሮ ታሳምማለች። ሕመሙ በሳምንት ውስጥ ይሻላል። ነገር ግን በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት ባክቴሪያዋን ለማጥቃት ያዘጋጀው መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። ጉልበት ያብጣል፤ ትኩሳት ይመጣል፤ ይሄም ያልፋል። ቫልቩ ላይ የተረፈው ጠባሳ ግን ይቆያል፤ ሕመሙ በተመላለሰ ቁጥርም ቫልቩ እየደነደነ፣ እየተጣበቀ ወይም እያፈሰሰ ይሄዳል። እንዲህ የታመመች ልጅ 18 ሲሞላት፣ አለዚያም ስታረግዝ፣ ዳገት መውጣት ያቅታታል። ያን ጊዜ ነው ቤተሰብ የልብ ሕመም እንዳለባት የሚሰማው።

በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከ3,000 በላይ ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ በምንለው፣ ተመርምረው በ2016 በታተመ ጥናት ከሺሕ ተማሪዎች 19 ያህሉ ላይ የዚህ ሕመም ምልክት ተገኝቷል። አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም። በሽታው ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት፣ ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት ይበረታል፤ እንደ አራዳና ፒያሳ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች የኖረ ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል።

ለእነዚህ ልጆች ከሁሉ በፊት የተጨነቁት የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ ናቸው። በ1989 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የኢትዮጵያ ልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማኅበርን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ልብ ከፍቶ የሚያክም ስላልነበረ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል ከተለፋ በኋላ በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። ከረዱት ድርጅቶች አንዱ እንግሊዝ አገር ያለው ቼይን ኦፍ ሆፕ ሲሆን መሥራቹ ግብፃዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር መግዲ ያዕቆብ ናቸው። ዛሬ በማዕከሉ ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች ራሳቸው ልብ ይከፍታሉ። ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ቫልቩ፣ የልብና ሳንባ ማሽኑ ዕቃ፣ ክሩ ሳይቀር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው።

የመግዲ ያዕቆብ ስም ከግንደ ሕዋሱም ሳይንስ ጋር ይገናኛል። በ2007 ለንደን አጠገብ በሚገኘው ሄርፊልድ ሆስፒታል ያለው ቡድናቸው ከአጥንት መቅኒ ግንደ ሕዋስ የልብ ቫልቭ ክፍል የሚሆን ሥጋ አሳድጎ ነበር። ቀደም ብዬ መቅኒ የልብ ጡንቻ አይሆንም ብያለሁ፤ ቫልቭ ግን ጡንቻ አይደለም፣ ከኮላጅን የተሠራ ቀጭን ሥጋ ነው፣ ጉዳዩም ሌላ ነው። ለምን ደከሙበት ቢሉ፣ ዛሬ ለአንድ ልጅ የሚተከለው የብረት ቫልቭ ከልጁ ጋር አያድግም። ደም እንዳይረጋበት ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን መዋጥ፣ በየጊዜው ደም እየተመረመሩ መጠኑን ማስተካከል ይጠይቃል። ከሩቅ ገጠር ለመጣ ልጅ ይህ ምርመራ የአንድ ቀን ጉዞ ሊሆን ይችላል። ለሴት ልጅ ደግሞ ዋርፋሪን በእርግዝና ወቅት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከእንስሳ የሚሠራው ቫልቭ የዕድሜ ልክ ማቅጠኛ አይፈልግም፤ ነገር ግን በወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ደረት እንደገና ይከፈታል። ከሰውየው ሕዋስ የተሠራ፣ ከልጁ ጋር የሚያድግ ሕያው ቫልቭ ቢገኝ ለኢትዮጵያ ልጆች ከጡንቻው ጥፍ ይልቅ ይበጃቸዋል። የአፍሪካ ሐኪሞች በዓለም መድረክ ሊጮኹለት የሚገባ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ ያለው የሃርት አታክ በሽተኛ በሚበዛባቸው አገሮች ስለሆነ ጥናቱ ወደዚያው ያጋድላል።

ይህ ማለት የጡንቻው ጥፍ አይመለከተንም ማለት አይደለም። የደም ግፊትና ስኳር በከተሞቻችን እየበዛ ነው፤ ሃርት አታክም አብሮ እየመጣ ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት አምስት ወራት ውስጥ ያለ ሌላ ምክንያት ልባቸው የሚደክም እናቶች አሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ልባቸው ተለጥጦ የሚሰፋ ወጣቶችም አሉ። እንዲህ ያለ በሽተኛ የኢኮ ውጤት ወረቀቱን ቢያይ «ኢኤፍ» ከሚለው ፊደል አጠገብ ቁጥር ያገኛል፤ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንት በመቶውን እንደሚረጭ የሚነግር ነው። በጤነኛ ሰው ከ55 በላይ ነው፤ ከ40 ሲወርድ ልቡ በግልጽ ደክሟል። የንቅለ ተከላ አገልግሎት በሌለበት አገር 20 ላይ የደረሰ ሰው ያለው ምርጫ መድኃኒቱ ብቻ ነው። የሚሰፋ ጡንቻ አንድ ቀን በመጠነኛ ዋጋ ቢደርስ ለእሱ ትርጉሙ ከማንም አገር በሽተኛ ይበልጣል። ያ ቀን ቅርብ ነው ብዬ ግን አላታልልም። ንጹሕ ክፍል፣ ለሰከንድ የማይቋረጥ መብራት፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ለዓመታት የሠለጠነ ሰው፣ ከሁሉ በላይ የልብ ቀዶ ሕክምና ቡድን ይፈልጋል። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለውን ማዕከል ማጠናከር ለዚያም ቀን የመጀመሪያው ሥራ ነው።

እስከዚያው በእጃችን ያለው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። ርካሽ ነው፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ መርፌ ነው። የጉሮሮ ሕመሙ ላይ በጊዜ ከተሰጠ ልብ የመነካቱ ዕድል በጣም ይቀንሳል። አንዴ ልቡ ለተነካ ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ቢያንስ ለዐሥር ዓመት፣ ሕመሙ ከባድ ከሆነ ከዚያም በላይ ሲሰጥ፣ ሕመሙ እንዳይመላለስና ቫልቩ ባለበት እንዲቆም ያደርጋል። መርፌው ያማል። ልጁ ደህና ሲመስል ወላጅ ይሰለቻል፤ ሁለት ወር ያልፋል፣ ከዚያ ይቀራል። የብዙ ልጆች ልብ የሚበላሸው በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ልጅዎ ሳልና ንፍጥ ሳይኖረው በድንገት ጉሮሮውን ካመመው፣ ከተኮሰው፣ ምግብ መዋጥ ካቃተው፣ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እንጥል አያስቆርጡ፤ መቁረጡ ባክቴሪያዋን አያጠፋም፣ ደም መፍሰስና ሌላ ኢንፌክሽን ግን ያመጣል። የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት እብጠት ከትኩሳት ጋር ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ከተዛወረ «ብርድ ነው» ብለው አይተዉት፤ ልቡ በኢኮ ይታይ። በየወሩ መርፌ የሚወስድ ልጅ በቤትዎ ካለ የሚቀጥለውን ቀን በካርዱ ላይ ይመልከቱ፤ ቀኑ አልፎም ከሆነ ዛሬውኑ ይውሰዱት።